የቅሬው ድስትና የዘምዘም በር

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደ ምንም ነው፤ የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እያረማችሁ አንብቡት። ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ልስጣችሁ።

ደሴ ውስጥ፣ ዳገት ላይ በተሠራ ቤት፣ ዘምዘም የምትባል ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። የምትተኛው ሳሎን ነው። እንግዳ ሲመጣ የተኛች ትመስላለች፤ ልብስ የምትቀይረው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ከቤቱ ሥር ደግሞ ሰፊ ምድር ቤት አለ። አንድ ቀን ጨክና አባቷን ጠየቀችው።

"አባዬ፣ ምድር ቤቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ብናደርገውስ? በር ያለው።"

"በር ያለው? ምን ልትደብቂበት ነው?"

"እኔን።"

አባቷ ሳቀ። "እሺ፣ ግን ግንበኛው ሳይለካ ምን ብዬ አቅዳለሁ? ሂጂ ጥሪው።"

ግንበኛው አስፋው መጣ፣ ምድር ቤቱን ከፍቶ አየ፣ ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እኛ ቅሬ የምንለው የሰፈሩ እድር ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። አንደኛው ድስት ሙሉ በሬ ይቀቅላል።

"መሬቱ ሳይታየኝ አልለካም" አለ። "መጀመሪያ ድስቱ ይውጣ።"

ዘምዘም ድስቱን በጆሮው ይዛ ጎተተችው። ድስቱ አልወጣ አለ፣ ግንበኛው አልለካ አለ፣ አባቷ አላቅድ አለ፣ ዘምዘም በር አጣች።

ወደ ቅሬው ዕቃ ኃላፊ ወደ እትዬ ጦይባ ሄደች። "እትዬ፣ ድስቱን ያስወጡልን" አለች በሹክሹክታ።

"ድምፅሽን ጅብ በላው እንዴ? የቅሬ ዕቃ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ለመኝታ ቤት ብዬ ድስት አላስወጣም። የቅሬው ዳኛ ለቅሶ ነው ይበሉኝ።"

እትዬ ጦይባ አላስወጣ አሉ፣ ድስቱ አልወጣ አለ፣ ግንበኛው አልለካ አለ፣ አባቷ አላቅድ አለ፣ ዘምዘም በር አጣች።

ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሼህ እንድሪስ ሄደች። "ለቅሶ ያውጁልን" አለች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"ማንም ሳይሞት ምን ብዬ ላውጅ? ለሞት የቀረቡት ጎረቤትሽ አያ ይመር ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ዛሬ ነገ ሲሉን ይኸው ሦስት ዓመት። ሂጂና እሳቸውን ጠይቂ።"

ዳኛው አላውጅ አሉ፣ እትዬ ጦይባ አላስወጣ አሉ፣ ድስቱ አልወጣ አለ፣ ግንበኛው አልለካ አለ፣ አባቷ አላቅድ አለ፣ ዘምዘም በር አጣች።

ወደ አያ ይመር አጥሚት ይዛ ሄደች። ሽማግሌው ጠጥተው ጨረሱ፤ እሷ አሁንም መሬት መሬት ታያለች።

"ምን ፈለግሽ ልጄ?"

"አያ ይመር፣ መቼ ነው..."

"የምሞተው? መጠየቅሽ አልከፋኝም። ግን አልሞትም። ጉልበቴ ቁጢጥ ማለት እምቢ ካለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የጉድጓዱ ሽንት ቤት አሳሬን እያበላኝ ነው። አንድ ቀን እንደ ሰው ተቀምጬ ሳልጠቀም የትም አልሄድም። መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት የት ይገኛል?"

"እኛ ምድር ቤት። ሲሠራ።"

"መቼ ይሠራል?"

"እርስዎ ሲሞቱ።"

አያ ይመር አልሞት አሉ፣ ዳኛው አላውጅ አሉ፣ እትዬ ጦይባ አላስወጣ አሉ፣ ድስቱ አልወጣ አለ፣ ግንበኛው አልለካ አለ፣ አባቷ አላቅድ አለ፣ ዘምዘም በር አጣች። ዘምዘም ይህንኑ ከሥር እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። በሕይወቷ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

ሽማግሌው ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ከዚያ ዳኛውን አስጠሩ።

"ሼህ እንድሪስ፣ ለቅሶዬን ዛሬ አውጅልኝ።"

"ሰው ቁጭ ብሎ እንዴት ይለቀሳል?"

"እተኛለኋ። አርባ ዓመት የሰው ቃሬዛ ተሸክሜአለሁ። የራሴን ለቅሶ አንድ ቀን ባየው ማን ይጎዳል?"

"እሺ፣ ይተኙ" አሉ ዳኛው ጢማቸውን እያሹ። አያ ይመር ተኙ፣ ዳኛው አወጁ፣ እትዬ ጦይባ አስወጡ፣ ድስቱ ወጣ፣ ግንበኛው ለካ፣ አባቷ አቀደ። ያቀደውም በካርቶን ላይ ነው፦ አልጋው በዚህ፣ መስኮቱ ወደ ቁልቁለቱ፣ መታጠቢያው ከጥግ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ።

ለቅሶው ላይ አያ ይመር "ድምፃችሁ አይሰማም" እያሉ አልቃሾቹን ተቆጡ፣ ንፍሮውን ሁለቴ አስጨመሩ። ድንኳኑንና ድስቱን ግን ከግቢያቸው አላስነሳ አሉ። "ነገ መልሳችሁ ልታመጡት ዛሬ ምን አደከማችሁ?" አሉ።

ክፍሉ ተሠራ። ሽንት ቤቱን መጀመሪያ የተጠቀሙት እሳቸው ናቸው። በጣም ስለቆዩ አባቷ በሩን አንኳኳ።

"አያ ይመር፣ ደህና ነዎት?"

"አታጣድፈኝ" አሉ ከውስጥ።

እስከ ዛሬም አልሞቱም። በየጠዋቱ ምርኩዛቸው ደረጃው ላይ ሲንኳኳ ዘምዘም ቀድማ ትከፍትላቸዋለች። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ደግ ልጅ" ይላታል።

ዘምዘም እኔ ነኝ። አጥሚቱን ይዤ ከመሄዴ በፊት፣ ሦስት ጁምዓ ሙሉ፣ አያ ይመር ክረምቱ ሳይገባ እንዲሞቱልኝ ዱአ አድርጌ ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።