ሠርግ የሌለበት ክፍል

በአንድ ወቅት፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት በጋራ የሚያሠሩት ቪዲዮ ቤት ነበር። ትልቁ ውብሸት ማይክ ይዞ ፊልሙን ለተመልካቹ በአማርኛ ይተርካል። መካከለኛዋ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ሰው ታስገባለች፤ ሳምቡሳም ትሸጣለች። ትንሹ ፍሬው ዴኩን ይይዛል፤ ካሴት ሲላላ በእስክሪብቶ ያጠነጥናል።

ፍሬው አንድ ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ። መርከብ ላይ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ነው። ሲወጣ «ወንበሬን እንዳትሸጡብኝ» አላቸው። እየቀለደ ነበር፤ አስካለ ግን ቀልድ አልመሰላትም። በፊተኛው ረድፍ፣ በበሩ በኩል ያለውን ወንበር ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልሸጠችም፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ እንኳ። የሚሄዱ ሰዎች ጠብቁን ብለው አይሄዱም። የሚጠብቃቸው እንደሌለ ቢሰሙ ግን ይከፋቸዋል።

በዚያው ዓመት ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ ከሚገባው ጨርቅና ሽቶ ጋር የጃፓን ካርቱን ካሴቶች መጡ። ሥዕሎቹ የሚናገሩት ዓረብኛ ነው። ውብሸት የገበያ ዓረብኛ ያውቃል፤ ዋጋ ለመከራከር የሚበቃ እንጂ ፊልም ለመተርጎም የሚበቃ አይደለም። የጎደለውን ከራሱ ይሞላል። የጃፓን ስሞች ምላሱ ላይ አልቀመጥ ስላሉት ጀግናዋን ብርቄ፣ ወንድሟን አያሌው አላቸው። ተከታታዩንም «የደመናው ባቡር» ብሎ ሰየመው። ብርቄ በደመና መካከል የሚያልፍ ባቡር የሚቆምባት የአንዲት ትንሽ ጣቢያ ጠባቂ ናት። አያሌው በባቡሩ ይሄዳል፤ እሷ ፋኖስ አብርታ ትጠብቀዋለች። ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ነው፤ የድሬ ልጆች ግን ከዚያ በኋላ ያዩትን ሁሉ በሱ ለኩት።

የመጨረሻው ካሴት ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር ሆነ። ባቡሩ ራቀ፣ ብርቄ ፋኖሷን ከፍ አደረገች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ መስመር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በድንገት ከበሮ ተመታና ጢማም ወንዶች ጩቤ እያውለበለቡ መጨፈር ጀመሩ። ከባሕር ማዶ የሆነ ሰው ካሴቱ ላይ የዘመዱን ሠርግ ቀርጾበታል። ልጆቹ ሁሉ ወደ ውብሸት ዞሩ። ውብሸት ዞር ሲል አስካለን በሩ ላይ ቆማ አያት። ማይኩን አላወረደም።

«ይህ ገና ያልሆነ ነው» አለ። «አያሌው ሲመለስ የሚደገስለት ሠርግ ነው። ብርቄ ፋኖሱ ውስጥ እያየችው ነው።»

የተሳሉ ሰዎች እንዴት ሥጋና ጢም አበቀሉ ብሎ የጠየቀ የለም። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህ መጽሐፍ ከሰማንያ አሐዱ ይቆጠራል፣ ይህ አይቆጠርም እያሉ ጉባኤ ጠርተዋል፤ ተወጋግዘዋልም። የድሬ ልጆች አጨበጨቡ፤ በቃ፣ ጸደቀ።

ዓመታት አለፉ፤ ፍሬው አልተመለሰም። ውብሸት ሞተ። ዲሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፣ ወንበሮቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። አስካለ ብቻዋን ቀረች። እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ከየቤቱ ሲያባርር፣ በዚያ ቤት ያደጉ ጥቂት ሰዎች ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ከነሱ ውስጥ ሦስቱ ዋነኞች ናቸው። ባጃጅ ነጂው ጌታነህ የውብሸትን ድምፅ እንዳለ ያወጣዋል። ጨርቅ ነጋዴው ኢድሪስ ዓረብኛን ከአባቱ፣ ጃፓንኛን ከኢንተርኔት ተምሯል። ሮማን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የውብሸትን ትረካ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ትለዋለች።

አንድ እሑድ ኢድሪስ ፍላሽ ይዞ መጣ። ጃፓኖቹ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ሁለተኛ ክፍል ሠርተዋል።

አዲሱ ክፍል እንዲህ ነው። አያሌው አልሞተም፣ አልጠፋምም። ከብርቄ ጣቢያ ቀጥሎ ባለችው ከተማ ፋኖስ ይጠግናል፤ አግብቶ ወልዷል። ባቡሩ በየቀኑ በደጁ ያልፋል። አንድም ቀን አልተሳፈረበትም። ብርቄ ይህን ከመንገደኛ ትሰማለች። በመጨረሻው ትዕይንት ፋኖሷን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ ጣቢያውን ዘግታ፣ ወንድሟ ካለበት በተቃራኒ በሚሄደው ባቡር ትሳፈራለች። ሠርግ የለም።

ሦስቱ መጀመሪያ ለብቻቸው፣ ኢድሪስ ሱቅ ውስጥ አዩት። ወዲያው ክርክር ተነሣ።

«ይሄ የኛ አያሌው አይደለም» አለ ጌታነህ። «የኛ አያሌው እህቱን አንድ ጣቢያ ርቀት ላይ አስቀምጦ ፋኖስ አይበይድም።»

«አቦ ተወና፤ የሠሩት ሰዎች እኮ እሱ ነው እያሉህ ነው» አለ ኢድሪስ።

«እነሱ ሥዕሉን ሠሩ። ታሪኩን የሠራው ጋሽ ውብሸት ነው።»

«ጋሽ ውብሸት ዓረብኛው ሳይገባው ነበር የሚያወራው።»

«አንተ ዓረብኛህን ለጨርቅህ ተውለት» አለች ሮማን። «አዲሱ ክፍል ከታሪኩ ይገባል አይገባም ብላችሁ ምን ያከራክራችኋል? ያለቀ ነገር ነው። ለሞተ ሰው ቀሚስ አይሰፋም።»

አስካለ ወሬውን ሰማች። ድሬ ውስጥ የማይሰማ ወሬ የለም። የአክስቷ ልጅ ከአዳማ «ነይ፣ አብረን እንርጅ» ስትላት ከርማለች፤ አስካለ ግን ያን ወንበር ለማን ትቼ ብላ አልሄደችም። ይህን አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ሦስቱን ጠርታ የውብሸትን ማይክና የቤቱን ቁልፍ አሳየቻቸው።

«እኔ ደክሞኛል። አዲሱን ለሰው አሳዩ፤ አንዳችሁ በአንድ እሑድ፣ ሌላው በሌላ። ውብሸት ቢኖር የሚያደርገውን ያደረገ ማይኩንም ቤቱንም ይውሰድ።»

«እትዬ አስኩ፣ አንቺስ?» አላት ኢድሪስ። በድሬ ታላቅንም አንቺ ነው የሚሉት፤ ንቀት አይደለም።

«እኔማ በሩ ላይ ነኛ።»

በመጀመሪያው እሑድ ማይኩን ጌታነህ ያዘ። ድምፁን ጎርነን፣ ቃሉን ሳብ ሲያደርገው አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ውብሸት የተነሣ ያህል ተያዩ። ፋኖስ ጠጋኙ ሰውዬ ሲታይ ጌታነህ አፍታም አልዘገየ። «ይህ ሰው አያሌውን ይመስላል፤ አያሌው ግን አይደለም» አለ። «አያሌው እዚህ ሱቅ ፋኖስ አስጠግኖ አልፏል። መንገድ ላይ ነው።» ብርቄ ባቡር ስትሳፈር «ልትቀበለው ወጣች» አለ። ከዚያ ካሴቱ ላይ ያለውን የሠርግ ከበሮ ከስልኩ ለቀቀው፤ ትልልቅ ሰዎች፣ ልጅ ያደረሱ ሰዎች፣ ተነሥተው እስክስታ ወረዱ። አስካለ ነጠላዋን ጫፉን ይዛ የፍሬውን ወንበር አቧራ ጠረገች። እግሮቹን ሳይቀር ጠረገች።

ሲወጡ ኢድሪስ ጌታነህን ያዘው። «ዋሸሃት።»

«ጋሽ ውብሸትስ?»

«እሱ ያኔ የጎደለ ነገር ነው የሞላው። አንተ ያለውን ነው የደፈንከው።»

«ሂድ ወዲያ። ስትጠርግ አላየሃትም?»

በሁለተኛው እሑድ ማይኩን ኢድሪስ ያዘ። ድምፁ ለትረካ አይሆንም፤ ደረቅ ነው፣ ሬዲዮ ላይ የገበያ ዋጋ የሚያነብ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አልቀነሰም። አያሌው፣ ልጁ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ አንሥቶ «ማን ናት?» ሲለው፣ «ድሮ የማውቃት ሰው» ብሎ እንደመለሰለት ተናገረ። ብርቄ ፋኖሷን ስትሰቅል «ጠብቄ ነበር፤ አሁን የራሴ መንገድ አለ» እንዳለችም ተናገረ። ተመልካቹ ማይኩ እስኪቀመጥ ጠበቀ።

«ሠርጉስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

ኢድሪስ ወደ ጠያቂው ዞረ። «ሠርጉ የሌላ ሰው ሠርግ ነው። የቀረጹበት ናቸው። ልጅ ሆኜም ዘፈኑ ሲዘፈን የሙሽራውን ስም እሰማ ነበር።»

ማንም አልደነገጠም። ሁሉም ካደጉ በኋላ ገብቷቸው ነበር። የተናደዱት ስለተነገረ ነው።

«ማን ጠየቀህ?» አለ ጌታነህ። «ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ካልክ ምናለ ብትጨርሰው?»

«እሷ እኮ አረጀች» አለ ኢድሪስ ቀስ ብሎ። «እስከ መቼ ዝም ልበል?»

አስካለ ከበሩ ተነሥታ በወንበሮቹ መካከል አለፈችና የፍሬው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፍሬው ከሄደ ወዲህ ሰው ሲቀመጥበት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ሲያዩዋት ጊዜ «ቆሜ ደክሞኝ ነው» አለቻቸው።

በሦስተኛው እሑድ ተራው የሮማን ነበር። ማይኩን አልነካችውም። ፍላሹን ከኢድሪስ ተቀብላ ከአስካለ የሻሂ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው።

«የኔ እኮ ነው» አለ ኢድሪስ።

«ስኳሩ አነሰው እንዴ?»

«ሌላ አለኝ፣ ሮማን። ነገ ቀድቼ አመጣዋለሁ።»

«ቅዳ። ቤትህ እየው። እዚህ ቤት ግን ታሪኩ ያለቀው ጋሽ ውብሸት የጨረሰው ጊዜ ነው።»

የድሮውን ዴክ አስጠግናለች፤ የድሮውን ካሴት አስገባች። ሥዕሉ በረዶ እንደወረደበት ሆኗል፤ ብርቄ የቷ እንደሆነች ለማየት ማወቅ ያስፈልጋል። ሮማን ድምፁን ዘጋችው። ተራኪ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከአዳራሹ አንድ ሰው በለሆሳስ የውብሸትን ቃል አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ከዚያ ሁሉም፣ ኢድሪስም ሳይቀር፣ በዝግታ እንደ ሰዓታት ጸሎት ይሉት ጀመር። ሠርጉ ላይ ሲደርሱ «ይህ ገና ያልሆነ ነው» አሉ በአንድነት። ሮማን ዴኩን አጠፋች። አስካለ አብራቸው አላለችም። የፍሬውን ወንበር አንሥታ በሩ ደጅ፣ መንገዱን እንዲያይ አድርጋ አስቀመጠችው። እሷ ግን ተመልሳ ገባች።

በቀጣዩ እሑድ ሦስቱ ሲመጡ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ማይኩ ላዩ ላይ ተቀምጧል፣ ቁልፉ ከጎኑ። አስካለ በኋለኛው ረድፍ፣ ተመልካች ሆና ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ሻንጣ አለ፤ ሙሉ ይሁን ባዶ አያስታውቅም።

ጌታነህ ወደ ማይኩ ተራመደ፤ ኢድሪስ እጁን ያዘው። «ምን አድርገህ ነው የምትወስደው?»

«ጋሽ ውብሸት የሚያደርገውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ታሪኩ ሲታመም አከመው፤ እኔም አከምኩት።»

«ጋሽ ውብሸት ከያዘው ነገር አልደበቀም። ካሴቱ የሰጠውን ተናገረ። እኔም የተሰጠኝን ተናገርኩ። ብርቄ መሄድ እንደምትችል ለእትዬ አስኩ ማን ነገራት? እኔ ነኝ።»

«ሁለታችሁም ጋሽ ውብሸት ለመሆን ነው የተጣላችሁት» አለች ሮማን። «ቃሉን እንዳለ የተውኩለት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ቃሉን ተውሽለት፤ ማይኩንም ተውሽው» አላት ጌታነህ። «ማይክ ያልያዘ ሰው ማይክ ምን ያደርግለታል?»

ተከራከሩ። ከደጅ የነበሩትም ገብተው ተከራከሩ። አንዱ የጌታነህን፣ አንዱ የኢድሪስን ወገን ያዘ፤ አንዲት አሮጊት የሮማንን ያዘችና የሻሂውን ነገር ስትሰማ ለቀቀች። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አስካለ ዞሩ፤ የቤቱ ባለቤት እሷ ናትና።

«እትዬ አስኩ፣ አንቺ ፍረጂ» አሏት።

«እኔ ውብሸትን እንደ ወንድም ነው የማውቀው፤ እንደ ተራኪ የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለች። «ወስኑና ንገሩኝ። እስከዚያ እጠብቃለሁ።»

እኔ ሄደው ከቀሩት ወገን ነኝና በዚህ ጉዳይ ድምፅ የለኝም። ብዙ መጽሐፍ አንብቤ፣ በአንዱም ውስጥ የዚህን ፍርድ አላገኘሁም። እናንተ ግን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ራሳችሁ ናችሁ። ያልመጣውን መንገድ ላይ ነው ያላት አለ። አይመጣም ብሎ መንገዱን የከፈተላት አለ። ሌላ ቃል እንዳይጨመርባት የከለከለችላትም አለች። ማይኩ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው፤ ሴትየዋም ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። ንገሯት እንግዲህ፤ ማይኩ የሚገባው ለማን ነው?