አምስት ክር ያወለቀው ጊታር መቺ

አንድ ጊታር መቺ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ዝናብ ወር መርጦ በማይዘንብበት ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ግዛቸው ነው። ጊታሩ እንደ ሌላው ስድስት ክር ብቻ ሳይሆን አሥራ ሁለት ክር አለው። ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ነው የተወጠሩት፤ አንዱ ሲመታ ጓደኛው አብሮት ይጮኻል። እኔ የጊታር ነገር አላውቅም ልጆቼ፣ የሰሙት ግን እናትና ልጅ አብረው የሚያንጎራጉሩ ይመስላል ይላሉ።

እናቱ ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር አስምላዋለች።

"ማንያህልሻል ተድራ ከዚህ ቤት ስትወጣ የእኔን ዜማ አንተ ትመታላታለህ። እኔ የለሁማ" አለችው።

ማንያህልሻል ታናሽ እህቱ ናት። እሺ ብሎ ማለ። ዓመታት አለፉና ልጅቷ ታጨች፤ ሠርጉም ለግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ።

ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጊታሩን ከግድግዳ አውርዶ ቢመታው አንዲት ቀጭን ክር ጥዝዝ አለችበት። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። ክሯን በአዲስ ቀየረ፤ ያው ነው። አጠበቀ፣ አላላ፤ ያው ነው።

"የምታስቸግረኝ ይህቺ ናት" አለና አወለቃት። ጥንዷ ስላለች ማንም አያውቅብኝም ብሎ ነው። እውነትም ያን ቀን ጊታሩ ዝም አለ።

በማግስቱ ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጀመረች። አወለቃት። ከሦስት ቀን በኋላ ሌሎች ሁለት ክሮች ባንዴ ጮኹ። ሁለቱንም አወለቃቸው። በሳምንቱ ደግሞ አንድ ሌላ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባት ቀሩ፤ የቀሩት ሰባት፣ ጉድ በሉ፣ ሁሉም ይንጫጫሉ።

እህቱ በር ላይ ቆማ ሰማችው።

"ወንድም ጋሼ፣ ይኼ የእማዬ ዜማ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?"

"ዝም በይ አንቺ! እየጠገንኩት ነው።"

"በዚህ ጥገናህ እኮ ለሠርጌ ባዶውን እንጨት ነው የምትመታልኝ።"

ሳቀችበት። ከዚያ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ግዛቸው የደነገጠው ያኔ ነው። ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ኦቦ ሙለታ ሄደ።

ኦቦ በዚያ አገር ጋሼ እንደ ማለት ነው። ኦቦ ሙለታ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። አልጋ ይሠራሉ፣ በር ይሠራሉ፣ የተሰበረ ክራርና ጊታርም ይጠግናሉ። ጊታሩን ተቀብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው የጊታሩን አንገት ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

"ክሮቹ የት ሄዱ?" አሉ።

"አወለቅኳቸው፣ ኦቦ። ይጮኹ ነበር።"

"ራስህን ሲያምህ ጆሮህን ነው የምትቆርጠው?"

"ኧረ አይቀልዱብኝ! ለሠርጉ የቀረው ስምንት ቀን ነው።"

"የት ነው የምትሰቅለው?"

"እናቴ የሰቀለችበት ቦታ ነዋ። ምስማሩን ራሷ ናት የመታችው፤ ነቅዬው አላውቅም።"

"ዝናቡስ በየት በኩል ነው ቤታችሁን የሚመታው?"

ያኔ ነገሩ ለግዛቸው ገባው። ዝናቡ የሚመታው በዚያው ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሲዘንብ እጅ ያሳረፈበት እጁ ይረጥባል። የእናቱን ምስማር ላለመንቀል ብሎ ጊታሩን ሲያረጥበው ከርሟል።

"ስማ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "እንጨቱ እርጥበት ጠጥቷል። ስለጠጣ አበጠ፤ ስላበጠ አንገቱ ወደ ኋላ ሄደ። አንገቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ክሮቹ እነዚህ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ብረቶች ላይ ተኙ። ለዚህ ነው የሚጮኹት። አንገቱን ወደ ፊት ስበው የያዙት ደግሞ እነሱው ክሮቹ ነበሩ። አንዷን ባወለቅህ ቁጥር የሚስበው ጉልበት ቀነሰ፣ አንገቱ የባሰ ሄደ፣ ዝም ያለችውም ክር መጮኽ ጀመረች። የነገሩህን ነው ያባረርከው።"

"ታዲያ እሳት አጠገብ ላድርገው? ቶሎ ይደርቃል።"

"አብጦ መጣ፣ ተሰንጥቆ ይሂድልህ? ክሮቹን ጥለሃቸዋል?"

"ቆርቆሮ ውስጥ አሉ።"

"አምጣና ሁሉንም መልሳቸው።"

"ይጮኻሉ እኮ፣ ኦቦ!"

"ይጩኹ። አንገቱ እስኪመለስ አንተም ቁጭ ብለህ ትሰማቸዋለህ።"

አሥራ ሁለቱም ተመለሱ። ኦቦ ሙለታ ደረቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥረው ከጊታሩ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ከተቱና ዘጉት። ከሰል እርጥበት ይስባል። ግዛቸው በየቀኑ ከሰሉን እየለወጠ፣ አውጥቶ እየመታ፣ ጩኸቱን እየሰማ ይመልሰዋል። በአራተኛው ቀን ሽማግሌው አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ቀጭን ብረት ሩብ ዙር ብቻ አላሉት፤ አንገቱን ወደ ኋላ የሚይዘው እሱ ነው። በአምስተኛው ቀን የሦስት ክር ድምፅ ጠራ። በሰባተኛው ቀን አሥራ አንዱ ጠሩ።

የሠርጉ ቀን ጠዋት አንዲት ክር ቀረች። አንድ ቦታ ላይ ሲጫኗት ብቻ ጥዝዝ ትላለች። ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ናቸው፣ አጃቢው ደጅ ላይ ይጨፍራል። ግዛቸው ያቺን ክር ሊያወልቃት ጉጠቱን አነሳ።

ማንያህልሻል ቬሎዋን እንደ ለበሰች እጁን ያዘችው።

"ተዋት ወንድም ጋሼ። ትጩኽ። እኔስ እያለቀስኩ አይደል የምወጣው?"

ጉጠቱን አስቀመጠ። የእናቱን ዜማ መታ፤ አሥራ ሁለቱም ክሮች አብረውት ነበሩ። ያቺ አንዷ ስታጉረመርም እሱ ሰማት፣ እህቱም ሰማች፤ ሌላው ሰው እልልታ ላይ ስለነበር አልሰማትም። ልጅቷም እያለቀሰች ወጣች።

ልጆቼ፣ ነገሩ ይኼው ነው። በቤት፣ በዕድር፣ በሥራ ቦታ መጀመሪያ የሚያጉረመርም ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ እሱ የግድግዳው እርጥበት ቀድሞ የተሰማው ነው። እሱን ስናወጣው ለአንድ ቀን ጸጥ ይልልናል፤ ጸጥታውንም ጤና ይመስለናል። ነገር ግን እሱ ይዞት የነበረው ሸክም በቀሩት ላይ ይወርዳል፣ ቤቱም የባሰ ይጎብጣል። የሚያጉረመርመውን ከማውጣታችሁ በፊት ጊታሩ የት እንደተሰቀለ እዩ። አንዳንዱ ማጉረምረም ደግሞ ሁሉ ነገር ከተጠገነም በኋላ ትንሽ ይቀራል፤ እሱን ችሎ መኖር ነው።

እስቲ ለራሳችሁ መልሱት፦ ቤታችሁ ጸጥ እንዲል ብላችሁ ያወለቃችሁት ክር ማን ነው? ቆርቆሮው ውስጥስ አሁንም አለ?