ቀበሮ የሣለው ጥድ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ያለ ቤት ትኖር ነበር። ባለፈው ክረምት ጅብ ጉሙን ተገን አድርጎ መጥቶ እህቷን በልቶባታል። ስለዚህ፣ «ዘንድሮ ልጄን አላስበላም! ጉም ሳይወርድ ግድግዳ አቆማለሁ!» ብላ ማለች።

ይህን የሰማው ቀበሮ ከተፍ አለ።

«እመት አህዪት፣ ምን በወጣሽ ከተራራ ጥድ ስትጎትቺ! የጥድ ግንድ እኔ አመጣልሻለሁ። ምርቃትሽ ይበቃኛል።»

«እውነትህን ነው? እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» ብላ አህያ በደስታ አናፋች። ውርንጭላዋም አብራት ዘለለች።

በማግስቱ ቀበሮ ግንዱን ከምሮ ጠበቃት። እናንተዬ፣ እንዴት ያምራል! ቅርፊቱ፣ ጉጡ፣ ስንጥቁ እንኳ አልቀረም። ስድስት ግንድ ጫነላት። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ሄደችና ጆሮዋን አቆመች። ዕድሜ ልኳን እንጨት የተሸከመች ናት፤ ዓይኗን ቢያታልሏት ጀርባዋን ማን ያታልለዋል? ስድስት የጥድ ግንድ ተጭኖ ወገቧ እንዴት አልጎበጠም? ነገሩ ባይገባትም ክምሩን እያመላለሰች ወሰደች፤ ቀበሮንም አመስግና ሸኘችው።

ልክ ከዓይኗ ሲሰወር አንዱን ግንድ አቁማ እርግጫ አቀመሰችው። ብትንትኑ ወጣ! ለካ የሸምበቆ እስር በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ከላዩ ጥድ ተስሎበት ኖሯል።

«እማዬ፣ ያምራል እኮ! በዚሁ እንሥራው» አለች ውርንጭላዋ እያለቀሰች።

«ያምራል ልጄ። ከውስጥ ለጌጥ እናቆመዋለን። ውጭው ግን ዝናብና የጅብ ጥርስ የሚያርፍበት ነው፤ ያንን ሥዕል አይመክተውም!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በየቀኑ ተራራ ወጣች። ነፋስ የጣለውን ጥድ እየጎተተች አወረደች። ትከሻዋ ተላጠ፣ ጉልበቷ ከዳት፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች! ጉሙ ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው ግንዱ ጎን ለጎን ተተክሎ ግድግዳው ቆመ።

ቀበሮ ከጉብታ ላይ ሆኖ አየው።

«አቤት እጄ! አቤት እጄ! ይኼን ከእውነተኛ ጥድ ማን ይለየዋል?» ብሎ በደስታ ጨፈረ። ከዚያ ወደ ጅብ በረረ።

«አያ ጅቦ! አህያዋ ቤት ሠራች። ግድግዳው ግን የኔ ጭቃ ነው፤ አንዴ ብትነክሰው ይናዳል። እናትና ልጅ ላንተ፣ ጉበት ለኔ!»

«ጉበቱንም እኔ ብበላውስ?» አለ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

በነጋታው ጉሙ ወረደ። ጅቦ ገና ከሩቅ አፉን ከፍቶ እየሮጠ መጣ፤ ቀበሮም ጉበቱን እያሰበ ከኋላው ተከተለ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ግንድ ነከሰ። ቀጭ! ቀጭ! አራት ጥርሱ እዚያው ቀረ።

«ውይ! ውይ! አንተ ቀበሮ፣ ጭቃህ ይኼ ነው?»

«ጭቃ ነው እንጂ! በገዛ እጄ የሠራሁት!» ብሎ ቀበሮ ማለ። ደግሞ ከልቡ ነው፤ የራሱ ሥራ መስሎታል። «እንዴት አልፈረሰም? ቁርጥ የኔን ሥራ ይመስላል እኮ!»

ይኼን ጊዜ አህያ ከግድግዳው ወዲያ ሆና፣ «አያ ቀበሮ፣ ጥድ የሚመስለው ያንተ ሥራ ነው። ጥድማ ማንንም አይመስልም፤ ራሱ ነው!» አለችው። ውርንጭላዋ በሳቅ ፈነዳች።

ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረ። የቀሩት ጥርሶቹ ለጥድ ባይሆኑም ለቀበሮ ጅራት አላነሱም። ቀበሮ ጅራቱን ለጅቦ ትቶ እየጮኸ ጉሙ ውስጥ ገባ። እናትና ልጅም ያንን ክረምት ሳይሰጉ ተኙ።

ከዚህ የምንማረው የቤት ግድግዳ የሚመረጠው አይቶ ለሚያደንቀው መንገደኛ ሳይሆን ሊነክሰው ለሚመጣው ጠላት ታስቦ መሆኑን ነው።