አሥራ ሁለቱ ቋጠሮዎች

ተረት ተረት፤ የሣር ቤት።

በወፎች አገር ጎጆ አሠራር የሚያስተምር ጉጉት ነበረ። ተማሪዎቹ የአሥራ ሁለቱን ቋጠሮ ስም በቃላቸው ይወጡታል፤ ሣር ግን ክፍል ያቆሽሻል ተብሎ አንድም ቀን አልነኩም።

ጎጆ መሥራት የማይሆንለት አንድ ዋኖስ፣ ሚስቱ እንቁላል ልትጥል ስትል፣ በአንደኝነት የተመረቀውን ድንቢጥ ቀጠረ። ድንቢጡም ሠራለት። ጫጩቷ በተፈለፈለች በሦስተኛው ቀን ነፋስ መጣ፤ ቋጠሮው ተፈታ፤ ጎጆው ከነጫጩቷ ወንዝ ገባ።

ዋኖሱ ድንቢጡን አንቆ ያዘው።

«ጋሼ፣ ሣር ስይዝ የእርስዎ ቤት የመጀመሪያዬ ነው» አለ ድንቢጡ እያለቀሰ።

ዋኖሱ ለቀቀውና ቅርንጫፉ ላይ የቀረውን ሣር ይዞ ጉጉቱ ወደሚያስተምርበት ክፍል ገሠገሠ።

«የኔታ፣ ያስመረቁት ልጅ ልጄን ገደላት!»

«ድንቢጥ? እሱማ ከመቶ መቶ ያመጣ ልጅ ነው!»

«እንግዲያው እርስዎ አንዱን ይቋጥሩልኝ» ብሎ ሣሩን ፊቱ ጣለው።

ጉጉቱ ሣሩን በየት በኩል እንደሚይዘው ጨነቀው። ጉሮሮውን ጠረገና የቋጠሮዎቹን ስም ከአንድ ጀምሮ ያወርደው ጀመር፤ ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ ተቀበሉት።

ተረቴን መልሱ፤ ጎጇችሁን ዳስሱ።