ልጡ የተበጠሰው ጋን

አንድ ባለ ብዙ ጋን ሰው ነበረ። አንተ ይታገሱ፣ ተቀመጥ፤ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። «መምህር፣ ሚሞሪው ጠቦ የፋይል ካሹን ባራግፈው ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ካሽ ብቻ እኮ ነው» ብለህ ጠይቀኸኛል፤ ያውም ዓይንህን በጨው ታጥበህ። እንግዲህ መልሴን በዚህ ሰው ስማው።

ሰውዬው ሀብታም ነበር። ቤቱ ኮረብታው ላይ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ገደሉ ሥር። በተጠማ ቁጥር ገደል መውረድ ሲያሰለቸው ጓዳውን ሙሉ ጋን ደርድሮ ውሃ አስሞላበት። ይህን አልነቅፍበትም፤ ብልህነት ነው። ባዶ ጋን ለማንም አይጠቅምም፤ ውሃ ከያዘ ግን የተጠማ ሁሉ እዚያው ቀድቶ ይጠጣል። ጋኑ ለሌላ ነገር ሲፈለግም ውሃውን መድፋት ነው። ምንጩ እንደሆነ የትም አይሄድ።

በጎረቤቱ ባሏ በቅርቡ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሟቹ ንብ የሚያረባ ሰው ነበር፤ ከመታመሙ በፊት የቆረጠው ማር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀርቷል። አርባው ሲቃረብ በዚያ ማር ጠጅ ልትጥልለት አሰበች፤ ነገር ግን ጋን የላትም። ሀብታሙን ለመነችው። እሱም ክፉ አልነበረምና ውሃ ከሞሉት ጋኖቹ አንዱን ፈቀደላት። የሞላ ጋን ተሸክመውት የሚሄዱት ዕቃ ስላልሆነ እዚያው ጓዳው ውስጥ፣ በዚያው ውሃ ማሩን በረዘችው።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ውሃ ብቻ የያዘ ጋን ክዳን ጣል ይደረግበታል፤ ሌላ ነገር የገባበት ጋን ግን አፉ በኮባ ተሸፍኖ በልጥ ይታሰራል። ይህን የማያውቅ የለም። የታሰረ ጋን ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይነካም፤ ውስጡ ያለውም ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለበጥ ጋኑ ባዶ አይደረግም። ሴትዮዋም እንደ ልማዱ አስራው ሄደች።

አንድ ቀን ቅቤ የጫነ ነጋዴ ከሀብታሙ ደጅ ደረሰ። አቁማዳው ተቀዶበት ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። «ጌታዬ፣ ዕቃ ይስጡኝ፤ ማለቄ ነው» አለ።

ሀብታሙ ጓዳ ገባ። ጥግ ላይ ያሉት ጋኖች ከክረምት ወዲህ ማንም አልቀዳባቸውም፤ ውሃቸውም ሸትቷል። ከእነሱ አንዱን ቢደፋ ማንም ምንም አይጎድልበትም ነበር። ግን እዚያ ለመድረስ ማጎንበስ አለ፣ ክዳን እየገለጡ ማየት አለ። የሴትዮዋ ጋን ለበሩ ቅርብ ነው። ልጡንም አየው። አላየም እንዳትለኝ፤ በቢላዋ የበጠሰው እሱ ራሱ ነው። ጋኑን ገፍቶ አጋደመው፤ ብርዙ በደጁ ወረደ። ጋኑን አለቅልቆ ቅቤውን ተቀበለበት፤ ነጋዴውም ጉልበቱን ስሞ መረቀው። በሰው ማር ተመረቀ ማለት ነው።

በማግስቱ ሴትዮዋ ብርዟን ልታይ መጣች። ገና ከደጁ ስትደርስ ንቦች ጭቃውን ወረውት አየች። ጓዳ መግባት አላስፈለጋትም። ከዚያው ተመልሳ ሽማግሌ ሰበሰበች።

ሀብታሙ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቦታ ጠቦኝ ነው። ጓዳዬ የውሃ ጓዳ ነው፤ የደፋሁትም ውሃ ነው። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም። ከፈለገች ዛሬውኑ ከምንጩ አስሞላላታለሁ» አለ።

እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያጠፋ ሰው ማጥፋቱን እንኳ አያውቅም፤ ጭራሽ ቸርነት የሚያደርግ ይመስለዋል። ከሽማግሌዎቹ ቀድማ የመለሰችለት ራሷ ሴትዮዋ ናት።

«ጌታዬ፣ ውሃውንማ እኔም ወርጄ እቀዳዋለሁ» አለችው። «ማሩን ማን ይቆርጥልኛል? የቆረጠው ሰው አፈር ውስጥ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሌላ ማር እንዲሰጣት ፈረዱበት፤ ሰጣትም። ግን አርባው ደርሶ ነበር፤ ጠጅ ደግሞ ስለተቻኮሉ አይደርስም። በአርባው ዕለት ለሟቹ ወዳጅ ዘመድ በዋንጫ ውሃ ቀረበለት። ሀብታሙም መጥቶ ነበርና ከዚያው ውሃ ተቀዳለት። ሁሉም እያየው ጠጣው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ይታገሱ። ጓዳው ሚሞሪው ነው፤ ምንጩ ዲስኩ ነው። ከርነሉ፣ ያ የኮምፒውተሩን ቤት ሁሉ የሚያስተዳድረው፣ ያነበበውን ፋይል ሚሞሪ ውስጥ የሚያቆየው በየጊዜው ገደል እንዳይወርድ ብሎ ነው፤ ካሽ የምትለው እሱን ነው። ሞልቶ ብታየው አትደንግጥ፤ እንዲሞላ ነው የተሠራው። ሲጠብም ማስለቀቅ ያባት ነው፤ በዚህ አልተቆጣሁህም። ማስለቀቅ ግን ከጥጉ ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜ ማንም ካልነካው፣ ከዲስክ እንደመጣ ካለው። ሰው የጻፈበትን ገጽ፣ ማር የገባበትን ጋን ማለት ነው፣ መጀመሪያ ወደ ዲስኩ ትገለብጠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን ትወስዳለህ። የትኛው እንደተጻፈበት ደግሞ ምልክት አለው፤ ልጡ እሱ ነው።

አንተ ያንን ምልክት የሚያየውን መስመር ከከርነሉ ኮድ አወጣኸው። ያዘገያል አልክ። አውጥተህም ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ ጫንከው። ነርሷ የከተበቻቸውን ሕፃናት ስም ስትመዘግብ አረፈደች። ጽሑፏ ገና ዲስክ ሳይደርስ ሪፖርት የሚያወጣው ፕሮግራም ቦታ ጠየቀ፤ ያንተ ከርነልም ልጡን በጥሶ ደፋላት። ሪፖርቱ ቶሎ ወጣ፤ ኃላፊውም አመሰገነህ። ቅቤ ነጋዴው ማለት እሱ ነው።

እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በየመንደራቸው ገብተዋል። የትኛው ሕፃን የትኛውን ክትባት እንደተወጋ ዲስኩ አያውቅም፤ ምክንያቱም አልደረሰውም። አሁን ያ ልጅ ሁለተኛ ይወጋ ወይስ ይታለፍ? መልስ አለህ? እኔ የለኝም። አንተ ግን እዚህ መጥተህ «ካሽ ብቻ ነው» ትለኛለህ፤ ያንኑ ውሃ ልትሞላልኝ። ከርነል ሠሪ ነኝ ማለትህ ደግሞ አይቀርም። ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ።

ያወጣኸውን መስመር ዛሬውኑ ትመልሰዋለህ፤ እሱ ቀላሉ ነው። ነርሷ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገባ በሩ ላይ ቆመህ ትጠብቃታለህ፤ ምን እንደደፋህባት አንተው ራስህ ትነግራታለህ። ብትቆጣህ ዝም ብለህ ትሰማለህ። ከዚያ ከእሷ ጋር በየመንደሩ ዞረህ እናቶቹን አንድ በአንድ ትጠይቃለህ። አንዷ እናት «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ብላ ብትጠይቅህ፣ ልጇን አቅፋ ፊትህ ቆማ፣ እስቲ ካሽ በላት።