የፊታውራሪ ጓንጉል ግዳይ

በፊታውራሪ ጓንጉል መሬት ላይ እንኳን ድኩላ፣ ጅግራ ያደነ ጭሰኛ ይባረራል። ከመሬታቸው ማዶ ያለው ጫካ ግን የወል ስለሆነ፣ እዚያ ግዳዩ ቀድሞ ደም ላፈሰሰ ነው የሚል የቆየ ደንብ ነበር።

አንድ ቀን በወሉ ጫካ ነብር ታየ ተባለና ፊታውራሪ ከነአጃቢዎቻቸው ወጡ። ተኮሱና ነብሩን ሳቱት። አንድ ጭሰኛቸው እንጨት ጭኖ የሚነዳትን አህያ ግን አልሳቷትም። ነብሩ በርግጎ ወደ ባለ አህያው ሲዞርበት፣ ሰውየው በጦር ወግቶ ጣለው።

ስለ አህያዋ ፊታውራሪ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የነብሩን ቆዳ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሊፎክሩ ቋምጠዋልና፣ በማግስቱ አገሬውን ሰብስበው ሰውየውን መሃል አቆሙት።

«የጫካውን ደንብ ታውቃለህ አይደል?» አሉት።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው በዚህ ሕዝብ ፊት ተናገር። ትናንት ቀድሞ ደም ያፈሰሰ ማነው? አፍህ ቢስት ከመሬቴ ትነቀላለህ።»

ሕዝቡ መሬት መሬት ያያል። ጌታን ሳቱ ማለት መነቀል ነው፤ መቱ ማለት ደግሞ ቆዳውን ማስረከብ ነው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው፣ ጌታዬ። ቀድመው ያፈሰሱት እርስዎ ነዎት። አጃቢዎችዎም አይተዋል።»

ፊታውራሪ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «በል፣ ቆዳውን አምጣ» አሉ።

«ገፍፌ አስጥቼልዎታለሁ። የነብሩ ደም ኋላ የፈሰሰ ስለሆነ እሱ ለእኔ ይበቃኛል። የአህያዬ ቆዳ ግን ማታ ይደርቃል፤ ለብሰው ይፎክሩበት።»