ጋሽ ፈንታሁንና የዓሣ ዘይቷ እንክብል

እማማ ውድነሽ የፈለጉት አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ባላቸው ጋሽ ፈንታሁን አንዲት የዓሣ ዘይት እንክብል እንዲውጡ። ሐኪሟ "ለዕድሜያቸው ይጠቅም ይሆናል፤ ዋናው ግን መብላታቸው ነው፤ ከምግብ ጋር ይዋጡት" ብላለች። ጋሽ ፈንታሁን ግን ከታመሙ ወዲህ ምግብ አስጠልቷቸዋል፤ ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበስቷል። ጣና ዳር ካለው ቤታቸው አይወጡም። ውሻው ሲጮህ "ማን መጣ?" ይላሉ። ማንም አይመጣም።

"ዓሣው ሳይኖር ዘይቱን ብቻ?" አሉ እንክብሏን እያገላበጡ። "ሐይቁ ደጄ ተኝቶ ዓሣ ከብልቃጥ አልበላም። ጥብሱን አምጪና እውጣታለሁ።"

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ዓሣ ጠባሿ ብዙአየሁ ሄዱ። "ልጄ፣ ዓሣ ጥበሽልኝ። አንቺ ካልጠበስሽ ፈንታሁን አይበላም፣ ፈንታሁን ካልበላ እንክብሏን አይውጥም።"

"ምኑን ልጥበሰው፣ እማማ? ድስቴ ባዶውን ተጥዷል። አንዷለም ዓሣ አላመጣም።"

እማማ ወደ አስጋሪው ወረዱ። "አንዷለም፣ ሐይቁ ግባ እንጂ! አንተ ካላሰገርክ ብዙአየሁ አትጠብስም፣ ብዙአየሁ ካልጠበሰች ፈንታሁን አይበላም፣ ፈንታሁን ካልበላ እንክብሏን አይውጥም።"

"መረቤን ጉማሬ ሄደበት፣ እማማ። ሲያዩት ግን ሲኖትራክ የሄደበት ይመስላል። ሙላት ይጠግንልኝ።"

እማማ አጠገቡ ወደቆመው መረብ ጠጋኝ ወደ ሙላት ዞሩ። "አንተ ካልጠገንክ አንዷለም አያሰግርም፣ አንዷለም ካላሰገረ ብዙአየሁ አትጠብስም፣ ብዙአየሁ ካልጠበሰች ፈንታሁን አይበላም፣ ፈንታሁን ካልበላ እንክብሏን አይውጥም!"

ሙላት አንገቱን ደፋ። "የእኔ ቋጠሮ ይፈታል፣ እማማ። ዓሣው በር እንደተከፈተለት ሰው ነው የሚወጣው። አጥብቆ የሚቋጥር ጋሼ ብቻ ናቸው።"

"ፈንታሁን? ታዲያ ለምን አላመጣችሁለትም?"

"ታመው? የታመመ ሽማግሌ ማስቸገር ነውር አይደል! ይረፉ ብለን ነው።"

እማማ "እናንተ ይረፍ ትላላችሁ፤ እሱ ከሰው ቁጥር አወጡኝ ብሎ ተኝቷል" አሉና የመረቡን ጫፍ ያዙ። "አንሱ!"

ሦስቱ ተጋግዘው ጋሽ ፈንታሁን እግር ሥር ዘረገፉት።

"ይሄን ማነው የቋጠረው?" አሉ ጋሽ ፈንታሁን ቀና ብለው። "ሙላት? አንተ፣ ጫማህንም የምታስረው እንዲህ ነው? ውድነሽ፣ መነጽሬን!"

ጋሽ ፈንታሁን ጠገኑ፣ አንዷለም አሰገረ፣ ብዙአየሁ ጠበሰች፣ ጋሽ ፈንታሁን በሉ፤ አጥንቱ ብቻ ቀረ። እማማ እንክብሏን አቀረቡላቸው።

"ዓሣውን ጠግቤ ዘይቱ ምን ያደርግልኛል?"

"ፈንታሁን!"

ዋጧት። ለማሳመንም አፋቸውን ከፍተው አሳዩ።

የበጃቸው ዘይቱ ይሁን ዓሣው ወይስ መረቡ፣ ሐኪሟም እርግጡን አልተናገረችም። በማግስቱ ጠዋት ውሻው ጮኸ።

"ማን መጣ?"

እማማ በሩን ከፈቱ። አንዷለም ነው፤ ከኋላው ሌላ አስጋሪ፣ ሁለቱም ትከሻቸው ላይ የተቀደደ መረብ።

"እንግዳ አለብህ" አሉ እማማ። "መጀመሪያ እንክብልህን ዋጥ።"